የኤክሴል፣ የሊብረኦፊስ ካልክና የጎግል ሺትስ ራስ-ሰር መጠባበቂያ፦ ለቢሮ ሒሳብ የትኛው ይታመናል?

የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ሁሉ ሥራችሁን በራሳችን እናስቀምጥላችኋለን ይላሉ። ይህ ግምገማ የሚመረምረው ያንን ቃል ብቻ ነው። የቀመሮቻቸው ብዛትም ሆነ የገበታዎቻቸው ውበት እዚህ አይነሳም። የሚነሱት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፦ መብራት በድንገት ሲጠፋ ምን ይተርፋል? ሠራተኛው በስህተት አንድ ዓምድ አጥፍቶ ሴቭ ካደረገ በኋላስ ምን ይተርፋል? ፕሮግራሙ በራሱ የሚፈጥራቸው ፋይሎች የት ይቀመጣሉ፣ መቼ ይሰረዛሉ፣ ማንስ ሊከፍታቸው ይችላል? በምሳሌነት የማነሳው የአንድ መካከለኛ ድርጅት የደመወዝ መክፈያ ሠንጠረዥ ነው። እንዲህ ያለው ፋይል በየወሩ ካለፈው ወር ተገልብጦ ይሠራል፤ የሥራ ግብርን፣ የሠራተኛውን 7 በመቶና የአሠሪውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ የሚያሰሉ ቀመሮችን ይይዛል፤ ቢጠፋ ደግሞ ወሩ ሳያልቅ የግድ ይፈለጋል።

ወደ ፕሮግራሞቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ልዩነት መጥቀስ ይኖርብኛል፤ በቢሮ ውስጥ ከሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው የሚመነጨው ይህ ልዩነት ባለመታወቁ ነውና። «ራስ-ሰር መጠባበቂያ» በሚለው ስም ሥር ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች አሉ። አንደኛው መልሶ ማግኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ወይም ፕሮግራሙ ሳይዘጋጅ ሲቆም፣ ገና ያልተቀመጠውን ሥራ ለማትረፍ በየተወሰነ ደቂቃ የሚጻፍ ጊዜያዊ ፋይል ነው። ሁለተኛው መጠባበቂያ ቅጂ ነው፤ ተጠቃሚው ሴቭ ባደረገ ቁጥር ከዚያ በፊት የነበረው እትም እንዳይጠፋ ወደ ጎን የሚቀመጥበት ነው። የመጀመሪያው ከመብራት መቋረጥ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ተጠቃሚውን ከራሱ እጅ ይጠብቃል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ፕሮግራሞቹም ይህንን ለተጠቃሚው ግልጽ አድርገው አይነግሩም።

በኤክሴል እንጀምር። የኤክሴል መልሶ ማግኛ ኦቶሪከቨር ይባላል፤ ከኤክሴል 2002 ጀምሮ የፕሮግራሙ አካል ሆኖ ቆይቷል። ሲጫን በየ10 ደቂቃው እንዲሠራ ሆኖ ይመጣል፤ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሴቭ» በሚለው ገጽ ላይ ከ1 እስከ 120 ደቂቃ ባለው ክልል ውስጥ መቀየር ይቻላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ለሚሠራ ሰው 10 ደቂቃ ብዙ ነው። የአርባ ሠራተኞችን የትርፍ ሰዓት እየተመለከተ የሚያስገባ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚሞላውን ረድፍ ያሰበ፣ ቁጥሩን ወደ 3 ወይም ወደ 2 ማውረዱ ምክንያታዊ ሆኖ ያገኘዋል። ሆኖም ደቂቃው ሲደርስ ፋይሉ ወዲያውኑ ይጻፋል ማለት አይደለም፤ ኤክሴል ተጠቃሚው ለአፍታ ጋብ እስኪል ይጠብቃል። ሳያርፍ የሚተይብ ሰው መልሶ ማግኛው ካሰበው ጊዜ ዘግይቶ ሊያገኘው የሚችለው ለዚህ ነው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ተጽፎ ኢንተር ያልተመታበት ቁጥርም በመልሶ ማግኛው ውስጥ አይገኝም።

እነዚህ ፋይሎች የሚቀመጡት ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ በሚደብቀው «አፕዳታ» ፎልደር ውስጥ ነው። ቦታው በዚያው የ«ሴቭ» ገጽ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ መንገዱን ቀድቶ በፎልደሩ አድራሻ መስመር ላይ መለጠፍ ከመፈለግ ያድናል። ፋይሉ በትክክል ተቀምጦ ሲዘጋ ኤክሴል የመልሶ ማግኛውን ቅጂ በራሱ ይሰርዛል። ይህ ለንጽሕና ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው መልሶ ማግኛን እንደ ማኅደር ስለሚቆጥረው፣ የትናንቱን ሥራ ዛሬ እዚያ ፎልደር ውስጥ ፈልጎ ሲያጣ ፕሮግራሙ የከዳው ይመስለዋል። ለየት ያለው ጉዳይ ተጠቃሚው «አታስቀምጥ» ብሎ ሲዘጋ ነው፤ የመጨረሻውን ራስ-ሰር እትም እንዲይዝ የሚያዘው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ኤክሴል ቅጂውን ያቆየዋል። ከነጭራሹ ስም ያልተሰጣቸው ወርክቡኮች (የኤክሴል ፋይሎች) ወደ ሌላ ፎልደር ይሄዳሉ፤ እዚያም የሚቆዩት ለ4 ቀን ነው። በ«ፋይል» ሥር «ኢንፎ»፣ ከዚያ «ማኔጅ ወርክቡክ» በሚለው ቁልፍ በኩል ይገኛሉ። ዓርብ ማታ የጠፋን ፋይል ለመፈለግ ሰኞ ጠዋት ድረስ መቆየት ይቻላል ማለት ነው፤ ከረዘመ የበዓል ዕረፍት በኋላ ግን አይቻልም።

መብራት ተመልሶ ኤክሴል ሲከፈት በግራ በኩል የሚመጣው የመልሶ ማግኛ ሰሌዳ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቦታ ነው። ለአንድ ፋይል ሁለት መስመር ሊታይ ይችላል፦ አንዱ ተጠቃሚው ራሱ በመጨረሻ ያስቀመጠው ነው፤ ሌላው ፕሮግራሙ የጻፈው ነው። ሁለቱም ሰዓት አላቸው። ትክክለኛው አሠራር ሰዓቱን አንብቦ፣ ሁለቱንም ከፍቶ፣ የመጨረሻዎቹን ረድፎች አስተያይቶ፣ የተሻለውን በአዲስ ስም ማስቀመጥ ነው። በተግባር የማየው ግን ሰሌዳው ሥራ እንዳያጣብብ ተብሎ ሳይነበብ ሲዘጋ ነው። ከዚያ በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ይህንን ሰሌዳ ከማስታወቂያ ያልተለየ ጠባብ ሳጥን አድርጎ መተዉ ትልቅ የንድፍ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው የኤክሴል አገልግሎት፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂው፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ከኦቶሪከቨር ይበልጥ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ በጣም ተደብቋል። «ሴቭ አዝ» ብሎ የማስቀመጫው መስኮት ሲከፈት ከታች «ቱልስ» የሚል ትንሽ ቁልፍ አለ፤ በእርሱ ውስጥ «ጄኔራል ኦፕሽንስ» ሲመረጥ፣ የይለፍ ቃል ከሚሰጥባቸው ሳጥኖች ጋር አብሮ፣ ሁልጊዜ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲፈጠር የሚያዘው ሳጥን ይገኛል። ይህ ምርጫ የሚሠራው ለዚያ ፋይል ብቻ ነው። ለኮምፒውተሩ በሙሉ አንድ ጊዜ አብርቶ መገላገል አይቻልም፤ እያንዳንዱን ወርክቡክ ለየብቻ ማስተካከል ያስፈልጋል። ከበራ በኋላ ፋይሉ ሴቭ በተደረገ ቁጥር የቀድሞው እትም «ባክአፕ ኦፍ» በሚል ቅድመ ስምና ኤክስ.ኤል.ኬ በሚል ቅጥያ በዚያው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል።

ይህንን አሠራር ደረጃ በደረጃ ማየት ተገቢ ነው። የጥቅምት ደመወዝ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ሴቭ ተደርጓል እንበል። ከዚያ አንድ ሰው የጡረታ ዓምዱን ሲያስተካክል ቀመሮቹን በቁጥር ደርቦባቸው ሴቭ አደረገ። በዚህ ጊዜ ኤክስ.ኤል.ኬ የተባለው ፋይል ውስጥ ቀመሮቹ ሙሉ ሆነው ይገኛሉ፤ ከፍቶ መገልበጥ ብቻ ይበቃል። ነገር ግን ያው ሰው ከልማድ የተነሳ ወዲያው ኮንትሮልና ኤስን ደግሞ ከተጫነና ፋይሉ እንደገና ከተጻፈ፣ መጠባበቂያው ራሱ በተበላሸው እትም ይተካል። ኤክሴል የሚያቆየው አንድ ትውልድ ብቻ ነው። ስህተት መፈጠሩ እንደታወቀ የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ነገር ሴቭ ሳያደርጉ ኤክስ.ኤል.ኬውን ወደ ሌላ ፎልደር መቅዳት መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ሲከፈት የፋይሉ ዓይነትና ቅጥያው አይጣጣሙም የሚል ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል፤ ምንጩ በራስ ኮምፒውተር ላይ የተፈጠረ ፋይል እስከሆነ ድረስ አያስደነግጥም።

ስለ ምስጢርም አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። የይለፍ ቃል ያልነበረው የደመወዝ ፋይል ዛሬ የይለፍ ቃል ተሰጥቶት ቢቀመጥ፣ ወደ ጎን የሚቀመጠው የቀድሞው እትም ነው፤ የቀድሞው እትም ደግሞ የይለፍ ቃል የለውም። ዋናው ፋይል ተቆልፎ ሳለ አጠገቡ ያለው ቅጂ ለማንም ክፍት ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ከመቆለፉ በኋላ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ሴቭ ማድረግ ወይም አሮጌውን ቅጂ መሰረዝ ነው። ይህ ጉዳይ ቁልፉንና መጠባበቂያውን ጎን ለጎን በአንድ መስኮት ውስጥ ያስቀመጠው ፕሮግራም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያስጠነቅቅበት የሚገባ ነበር።

ሦስተኛው የኤክሴል ገጽታ እ.ኤ.አ. በ2017 ለደንበኝነት ተጠቃሚዎች የመጣው ኦቶሴቭ ነው። ፋይሉ በዋንድራይቭ ወይም በሼርፖይንት፣ ማለትም በማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫዎች ላይ ካለ ለውጡ በየጥቂት ሴኮንዱ ይቀመጣል፤ የቀድሞ እትሞችም በዝርዝር ይያዛሉ። በግል የዋንድራይቭ አካውንት ላይ እስከ 25 የሚደርሱ እትሞች ይገኛሉ። ይህ በራሱ ከኤክስ.ኤል.ኬው እጅግ የተሻለ ነው። ችግሩ ከቢሮ ልማድ ጋር መጋጨቱ ላይ ነው። የመስከረምን ደመወዝ ከፍቶ፣ ስሞቹን ትቶ ቁጥሮቹን ቀይሮ፣ በመጨረሻ «ሴቭ አዝ» ብሎ «ጥቅምት» የሚል ስም መስጠት ለዓመታት የተለመደ አሠራር ነው። ኦቶሴቭ በበራበት ፋይል ላይ ግን ለውጡ ገና ሲጀመር በመስከረሙ ፋይል ላይ እየተጻፈ ነው፤ «ሴቭ አዝ»ም በምናሌው ላይ በ«ሴቭ ኤ ኮፒ» ተተክቷል። ቅጂው መጨረሻ ላይ ሲወሰድ ሁለቱም ፋይሎች ጥቅምት ሆነው ይገኛሉ። መስከረምን ከእትሞች ዝርዝር ማምጣት ይቻላል፤ ነገር ግን መበላሸቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ኦዲተር ሲጠይቅ ነው። በዚህ አሠራር መቀጠል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ቅጂውን ወስዶ ከዚያ መሥራት፣ ወይም በመስኮቱ አናት ያለውን ኦቶሴቭ ማጥፋት አለበት። ኦቶሴቭ በኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ላለ ፋይል እንደማይሠራም መታወስ አለበት፤ ማብሪያው በመስኮቱ ላይ ስለሚታይ ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም።

ወደ ሊብረኦፊስ ካልክ ስንመጣ ነገሩ ይቀልላል፤ ዋጋም አይከፈልበትም። «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሎድ ሴቭ»፣ «ጄኔራል» በሚለው ገጽ ላይ ሁለቱ አገልግሎቶች አንዱ ከሌላው በታች ተቀምጠዋል፦ መልሶ ማግኛው በስንት ደቂቃ እንደሚጻፍና መጠባበቂያ ቅጂ ሁልጊዜ እንዲፈጠር ወይም እንዳይፈጠር። ልዩነታቸውን በዓይን የሚያሳይ ብቸኛው ፕሮግራም ይህ ነው። ምርጫው ለሁሉም ፋይል በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከወጣው እትም 24.2 ጀምሮ ደግሞ ሁለቱም ሲጫኑ በርተው ይመጣሉ። ከዚያ በፊት የተጫነ እትም ያለው ሰው ገጹን ከፍቶ ማረጋገጥ ይኖርበታል። እዚያው ገጽ ላይ መልሶ ማግኛው ሲጻፍ ዋናውን ሰነድም አብሮ እንዲያስቀምጥ የሚያዝ ሌላ ሳጥን አለ፤ ይህንን ባዶ እንዲተዉት እመክራለሁ፣ ያልተወሰነበትን ለውጥ በዋናው ፋይል ላይ ይጽፋልና።

የካልክ ድክመት የማስቀመጫ ቦታው ነው። መጠባበቂያ ቅጂዎቹ ቢ.ኤ.ኬ በሚል ቅጥያ በተጠቃሚው የግል ማኅደር ውስጥ ወደሚገኝ «ባክአፕ» ወደሚባል አንድ ፎልደር ይሄዳሉ፤ በዊንዶውስ ላይ ይህ ፎልደር በ«አፕዳታ» ሥር፣ በሊኑክስ ላይ ደግሞ በነጥብ በሚጀምረው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩ የት እንዳለ በዚያው «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፓዝስ» በሚለው ገጽ ላይ ይታያል፤ መቀየርም ይቻላል። የሁሉም ፋይሎች ቅጂ አንድ ቦታ ሲከማች የስም ግጭት ሊመጣ ይችላል። ወሮቹን በፎልደር እየለየ ውስጣቸው ያሉትን ፋይሎች ሁሉ «ደመወዝ» ብሎ የሚሰይም ሒሳብ ክፍል፣ የአንዱ ወር መጠባበቂያ በሌላው ሊተካበት ይችላል። ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በራሱ በፋይሉ ስም ውስጥ ማስገባት፣ ለምሳሌ «ደመወዝ-ጥቅምት-2017» ማለት፣ ችግሩን ከሥሩ ያስወግደዋል። በአዳዲስ እትሞች ላይ ቅጂው ከሰነዱ ጋር በአንድ ፎልደር እንዲቀመጥ መምረጥ ተችሏል፤ ይህ ለመፈለግ ይመቻል፣ ነገር ግን ቅጂው ከዋናው ጋር አብሮ በፍላሽ ይዞራል ማለትም ነው።

ከዚህ ሌላ የማይረሳው ነገር መጠባበቂያው እየተጠራቀመ መሄዱ ነው። ካልክ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ዋናው ፋይል ቢሰረዝም ቅጂው አይሰረዝም። ይህ አንዳንዴ ያድናል፤ ተሰርዟል የተባለ ሰነድ ከወራት በኋላ በዚያ ፎልደር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በሌላ በኩል ኮምፒውተሩ ለሌላ ሠራተኛ በሚተላለፍበት ወይም በሚሸጥበት ጊዜ፣ የሰው ደመወዝና የባንክ ሒሳብ ቁጥር የያዙ ፋይሎች ማንም ሳያውቃቸው አብረው ይሄዳሉ። ትልልቅ ሠንጠረዦች ላይ መልሶ ማግኛው ሲጻፍ ፕሮግራሙ ለአፍታ ቆም ማለቱም ይሰማል፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደቂቃውን ከ5 በታች ማውረድ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ብልሽት ከደረሰ በኋላ ፕሮግራሙ ሲከፈት ግን ካልክ ከኤክሴል ይሻላል፦ የሚመልሳቸውን ሰነዶች በመስኮቱ መሃል ዘርዝሮ፣ ተጠቃሚው እስኪወስን ድረስ አያሳልፍም።

ጎግል ሺትስ የቅጂ ፋይል የሚባል ነገር የለውም። እያንዳንዱ ለውጥ ወዲያው ወደ ጎግል አገልጋይ ይሄዳል፤ በ«ፋይል» ሥር ያለው የእትም ታሪክ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ሕዋስ እንደቀየረ በቀለም ያሳያል። አንድ ሕዋስ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ የዚያን ሕዋስ ብቻ ታሪክ ማየትም ይቻላል፤ በቁጥር የተደረበን የጡረታ ቀመር ለማግኘት ከዚህ የፈጠነ መንገድ በሦስቱም ውስጥ የለም። ለአስፈላጊ እትሞች ስም መስጠት ይቻላል፤ ለአንድ ሠንጠረዥ የሚፈቀደው እስከ 15 ስም ነው። ስም ያልተሰጣቸው እትሞች ከጊዜ በኋላ ሊዋሃዱ ስለሚችሉ፣ የየወሩ ደመወዝ በጸደቀ ዕለት እትሙን ሰይሞ ማለፍ ተገቢ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ይከብዳሉ። የመጀመሪያው ኢንተርኔት ነው። ያለ ኔትወርክ መሥራት የሚቻል ቢሆንም፣ ያ ምርጫ ኔትወርክ እያለ አስቀድሞ መብራት አለበት፤ ከተቋረጠ በኋላ ማብራት አይቻልም። ሁለተኛው የታሪኩ ግልጽነት ነው፦ የማረም ፈቃድ የተሰጠው ሰው ሁሉ የቀድሞ እትሞችን ማየት ይችላል። የደመወዝ ዓምዱን አጥፍቶ የቀረውን የስም ዝርዝር ለመምሪያ ኃላፊዎች በማረም ፈቃድ ያጋራ የሰው ኃይል ክፍል፣ ደመወዙንም አብሮ አጋርቷል። አዲስ ቅጂ ፈጥሮ ያንን ማጋራት ይህንን ያስቀራል፤ ቅጂው የአሮጌውን ታሪክ ይዞ አይሄድምና።

በመጠባበቂያ ስም የሚሳሳቱባቸው ፋይሎችም አሉ፤ ባጭሩ ልለፋቸው። ኤክሴል ፋይል ሲከፍት በ~$ የሚጀምር፣ ካልክ ደግሞ በ.~ የሚጀምር ትንሽ ፋይል በአጠገቡ ይፈጥራሉ። ውስጣቸው ፋይሉን ማን እንደከፈተው የሚናገር ምልክት እንጂ ሠንጠረዥ የለም፤ በኢሜይል ለኦዲተር የሚላክ ነገር አይደሉም። መብራት ከጠፋ በኋላ ሳይሰረዙ ቀርተው «ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል» የሚያሰኙ ከሆነ፣ ማንም እንዳልከፈተው ተረጋግጦ ሊሰረዙ ይችላሉ። በፊደልና ቁጥር የተሞላ ቅጥያ አልባ ስም ያለው ፋይል ካጋጠመ ግን ሳይሰረዝ መቆየት አለበት፤ ኤክሴል ሴቭ ሲያደርግ መጀመሪያ በዚህ ዓይነት ስም ጽፎ ኋላ ስሙን ስለሚለውጥ፣ ሥራው መሃል ላይ ከተቋረጠ ሙሉው ሠንጠረዥ በእርሱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ቅጂውን ወስዶ የኤክሴል ቅጥያ ሰጥቶ መሞከር ይገባል።

ደረጃ ስጥ ብባል፣ የሰው ስህተትን በመመለስ ሺትስን ቀዳሚ አደርገዋለሁ፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቢሮ ግን በእርሱ ላይ ብቻ የደመወዝ ሥራ እንዲንጠለጠል አልመክርም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ፣ ፈቃድ ለመግዛት ለማይችል ድርጅት ካልክ 24.2 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ እትም ያለ ብዙ ማስተካከያ ይበቃል። ኤክሴል ሁሉም ነገር አለው፤ ሆኖም ለመብራት መጥፋት የሚያገለግለውን አጉልቶ ለስህተት የሚያገለግለውን ደብቋል፤ ባለቤቱ በየፋይሉ እየገባ ካላስተካከለው በስተቀር ከሦስቱ ዝቅተኛውን ደረጃ የሚይዝ እርሱ ነው። ኤክሴልን መተው ለማይችሉ፣ ለምሳሌ ማክሮ (በኤክሴል ውስጥ ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) ላላቸው ሒሳብ ክፍሎች፣ አንድ ባዶ የደመወዝ ወርክቡክ አዘጋጅቶ የመጠባበቂያውን ሳጥን በእርሱ ላይ አብርቶ በየወሩ ከእርሱ ቅጂ መነሳት ያዋጣል። ኤክስ.ኤል.ኬውም ቢ.ኤ.ኬውም የሚቀመጡት በዚያው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ላይ በመሆኑ፣ ደመወዝ በተከፈለ ቀን የጸደቀውን ፋይል በፍላሽ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ የሠራተኛው ሥራ ሆኖ ይቀራል፤ ይህንን በራሱ የሚሠራለት በእነዚህ በዲስክ ላይ በሚሠሩት ሁለቱ ፕሮግራሞች ውስጥ አላገኘሁም።